ሲሞቅ እንነግራቸዋለን

ጎረቤቴ ወይዘሮ ተብለጽ ያረጁት ዴንቨር አየር ማረፊያ ዊልቸር ሲገፉ ነው። በዕድሜ የሚያንሷቸውን ሰዎች ሲገፉ ኖረው፣ ጉልበታቸው ሲከዳቸው አውሮራ ከተማ ዳር፣ ሐይቅ አጠገብ ካለው ከልጃቸው ከሲና ቤት ገቡ። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ የቀሯቸው ሲናና ካምፓላ የሚኖረው ወንድሟ ሃበን ብቻ ነበሩ። ሃበን እሑድ እሑድ ይደውላል። ሴትዮዋ ሳምንቱን የሚገፉት በዚያ ስልክ ነበር።

የገና በዓል ባለፈ ሰሞን ሃበን በመኪና አደጋ ሞተ። እናቱ ደግሞ በሳንባ ምች ታመው ገና ከሆስፒታል መውጣታቸው ነበር። በእኛ ወግ ለበሽተኛ መርዶ አይነገርም። ሲናና የቤተክርስቲያናችን ሽማግሌዎች ተማክረው፣ «ትንሽ ይበርቱ፤ ሲሞቅ እንነግራቸዋለን» አሉ። እኔም ራሴን ነቀነቅኩ። ደግነታችን ለጉድ ነው!

ሙቀቱ ግን መች መጣ! መጋቢት አለቀ፣ ፋሲካም በካፖርት አለፈ። ዛፎቹ እንቡጥ ማሳየት ሲጀምሩ ሌላ በረዶ ወርዶ አጠቆራቸው። ሐይቁ በረዶ ሠርቶ እንደ ሲሚንቶ ወለል ደርቆ ተኝቷል። ወይዘሮ ተብለጽ ስልካቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው በመስኮት ያዩታል።

«ሃበን ዛሬም አልደወለም?»

«ካምፓላ ኔትወርክ የለም እማ፤ ቴክስት አድርጌለታለሁ» ትላለች ሲና። ከዚያ ጋራዥ ገብታ ታለቅሳለች።

ውሸት ሲሰነብት ይከፋል። የኔትወርኩ ሰበብ ሲያልቅባት ሥራ በዝቶበት ነው አለች፤ እሱም ሲያልቅባት ዝም አለች። እናትየው ከዝምታዋ የራሳቸውን መልስ አወጡ፦ ልጄን ሰልችቼዋለሁ። መድኃኒቱንም ምግቡንም መግፋት ጀመሩ። አንድ ቀን ሾርባ ይዤ ብገባ፣ ዓይናቸውን ከመስኮቱ ሳያነሱ፣

«ምን አደረግኩት?» አሉኝ።

ሾርባውን አስቀምጬ ወጣሁ። ሲናን በረንዳ ላይ ይዤ፣ «በቃ ንገሪያቸው! ከዚህ ሐዘኑ ይሻላቸዋል» ብዬ ጮህኩባት።

«ደንግጣ ብትሞትብኝስ?» አለች። «ቅዳሜ ሙቀቱ ሰቨንቲ ይገባል ተብሏል። ፓስተር ኤሊያስና ሽማግሌዎቹ በጠዋት ይመጣሉ። እስከዚያ ታገሺኝ፣ ፕሊስ።»

ዓርብ ከሰዓት የወይዘሮ ተብለጽ ትንፋሽ ከበደ። ሲና አምቡላንስ ስትጠራ እኔ እጃቸውን ያዝኩ።

«ሃበን የደወለ ቀን» አሉኝ፣ «እናትህ ሞታለች በሉት።»

«ሃበን እኮ…» ብዬ ጀመርኩ። አልጨረስኩትም። እጃቸው እጄ ውስጥ ዛለ።

ቅዳሜ እውነትም ሞቀ። የሐይቁ በረዶ ከዳር ዳሩ ለቀቀ፤ ሰዉ ልጆቹን ይዞ በቲሸርት ወጣ። ሽማግሌዎቹ በተቀጠሩበት ሰዓት፣ ጥቁር ለብሰው መጡ። ሁለት ልቅሶ ባንድ ቀን ተቀመጥን። ሲና መስኮቱ ጋ ያለውን የእናቷን ወንበር አቅፋ፣

«እማ፣ አልረሳሽም! ሞቶ ነው እኮ! ሞቶ ነው!» እያለች ትጮሃለች።

መርዶው የተነገረው ያኔ ነው።