ከአጥሩ ማዶ የበራው መብራት

መብራት ሲጠፋ መቀመጥ አልችልም። እነሳለሁ፣ በር ድረስ እሄዳለሁ፣ የጎረቤት መስኮት አያለሁ፣ እመለሳለሁ። ጀነሬተሩን ለልጄ ትምህርት ብዬ ነው የገዛሁት እል ነበር። እውነቱ ግን ይህ ዕረፍት ማጣቴ ነው።

ሊገጥምልን የተቀጠረው ኤሌክትሪሻን ካዛንቺስ ያለው ቤታችን የደረሰው ከቀጠሮው አንድ ሰዓት አሳልፎ ነው። ቆጣሪውን አየና «ጋሼ፣ የመንገዱን መስመር ቆርጦ ወደ ጀነሬተሩ የሚያዞር ማብሪያ ሳይገባ እንዳያስነሱት። ነገ ይዤ እመጣለሁ» አለኝ። ቀጠሮ የማያከብር ሰው ሥራም አያከብርም ብዬ አሰናበትኩት። ቀጠሮን በተመለከተ ሐሳቤን አልቀየርኩም፤ ስለ ማብሪያው ግን ልክ የነበረው እሱ ነው። እኔ ሬዲዮ መጠገን ማንም ሳያሳየኝ የተማርኩ ሰው ነኝ። በሁለቱም ጫፍ ስፒና ያለው ገመድ ሠራሁ፤ አንዱን ጀነሬተሩ ላይ፣ ሌላውን ሳሎን ሶኬት ላይ ሰካሁ።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ መብራት ጠፋ። ሞተሩን አስነሳሁ፤ ቤቱ በራ። ወዲያው ከአጥሩ ማዶ የጎረቤት ልጆች «መጣ! መጣ!» እያሉ ጮኹ።

ልጄ ከክፍሏ ብቅ አለች። «አባዬ፣ እነሱ ጋ እንዴት በራ?»

ከመልሱ እግሬ ቀደመ። የኔ መብራት በቆጣሪው አልፎ ወደ መንገዱ ሽቦ ወጥቷል ማለት ነው። ሞተሩን አጥፍቼ ወጣሁ። ወደ ኡራኤል በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ምሰሶው ላይ፣ ሽቦ ሊቀጥል የወጣ የመብራት ኃይል ሠራተኛ እጁን ሰብስቦ መሰላሉ ላይ ቆሟል።

«የማን ጀነሬተር ነው?» ብሎ ከላይ ጮኸ።

ጎረቤቱ ሁሉ ወጥቶ እርስ በርሱ ይተያያል። እኔም እንደ ሰው ግራ ቀኝ አየሁ። ልጄን ጥፋትሽን ሳትጠየቂ ተናገሪ እያልኩ ያሳደግኩ ሰው፣ ተጠይቄ ዝም አልኩ። እሷ በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች።

«የኔ ነው» አልኩ። የሰማኝ አልመሰለኝም፤ ደገምኩት።

ሰውየው ወረደ። «አባቴ፣ ሽቦውን በመሞከሪያ ሳላይ ነክቼው ቢሆን ዛሬ እናቴ ቤት ድንኳን ይተከል ነበር።»

ይቅርታ ጠየቅሁት። ገመዱን ልጄ ፊት ቆረጥኩት፤ ከዚያ ኤሌክትሪሻኑ ጋ ደወልኩ።

በማግስቱም ዘግይቶ መጣ። በር ላይ ወዲያ ወዲህ እያልኩ ጠበቅኩት፤ ስለ ሰዓቱ ግን አንድ ቃል አልተናገርኩም።