ለበቅሎዋ የተጻፈ ስም

ማክሰኞ ማለዳ፣ ደሴ

የደሴ መናኸሪያ ገና ሳይነጋ ይጮኻል። "አቀስታ! አቀስታ! መካነ ሰላም ሁለት ሰው ብቻ የቀረው!" ሁለት ሰው የሚባለው ውሸት መሆኑን አገር ያውቃል፤ ገብተን ስናይ ግማሹ ወንበር ባዶ ነው። አክስቴ ከድጃ ጥቁር ሻርፓቸውን እስከ ግንባራቸው ስበው መስኮቱ ጋ ተቀመጡ። ጃኬቴን አውልቄ ጉልበታቸው ላይ ጣል ሳደርግ "ጉጉፍቱ ብርድ ላይ ታለቅስልኛለህ" አሉኝ። እውነታቸውን ነበር።

የምንሄደው ለሽርሽር አይደለም። ከመካነ ሰላም ወደ ወግዲ በሚወስደው መንገድ ላይ አንድ የቆየ የካቶሊክ ሚሲዮን አለ፤ የሰፈሩን ስም አክስቴ አትጻፍ ስላሉኝ አልጽፍም። በሰባ ሰባቱ ረሀብ አክስቴና ታናሽ እህታቸው ሰዓዳ እዚያ ተጠልለው ነበር። ሰዓዳ ከዚያ አልወጣችም። በቅርቡ አንድ ጎብኚ የሚሲዮኑን ሙዚየም ፎቶ ፌስቡክ ላይ ለጥፎ አየሁና ለአክስቴ ባሳያቸው ስልኩን ከእጄ ነጠቁኝ። "ይቺ እኔ ነኝ" አሉ። ጣታቸው ወደ ትንሿ ልጅ ሄደ፤ "ይቺ ሰዓዳ ናት።" ከፎቶው ሥር የተጻፈው ግን "ስማቸው ያልታወቀ እህትማማቾች" ይላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አያቴ፣ አላህ ይዘንላትና፣ "ሚሲዮን የክርስቲያን ነው፣ የእስላም ልጅ አያስገባም" የሚል ወሬ ሰማች። በሩ አጠገብ ስትደርስ ከቀሚሷ ጠርዝ ክር መዝዛ ለሁለቱም ማተብ አሰረችላቸው። ከድጃን ጥሩነሽ፣ ሰዓዳን አበባ አለቻቸው። እውነተኛ ስማቸውን እንዳያወጡም በአላህ አስማለቻቸው። ክርስቲያን ምሰሉ ብሎ በአላህ ማስማል! ወሎ ነው፣ ምን ይደረግ። አክስቴ ጅዳ በሰው ቤት ሲሠሩም፣ ተመልሰው ደሴ ሱቅ ሲከፍቱም ይህን ትንፍሽ አላሉም። አሁን የሚፈልጉት እህታቸው መቃብር ላይ ከቁርኣን ፋቲሃ ቀርተው ስሟን ማስመለስ ብቻ ነው።

እኩለ ቀን፣ አቀስታ

ጉጉፍቱ ላይ ጉም መንገዱን ውጦት ሾፌሩ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ነዳ። ገብስ፣ የድንጋይ ካብ፣ ባና የደረበ ገበሬ፣ ደግሞ ገብስ። ኬላ በደረስን ቁጥር ወርደን ተፈተሽን። አንዱ ፈታሽ የአክስቴን መታወቂያ አገላብጦ "ለምን ጉዳይ ነው?" አላቸው።

"ለለቅሶ።"

"ማን ሞቶ?"

"እህቴ።"

"አላህ ያጽናዎት" ብሎ መታወቂያውን መለሰላቸው። መቼ ሞተች ብሎ አልጠየቀም፤ እሳቸውም አልነገሩትም።

አቀስታ ላይ ሽሮ በላን። ሽሮው ውሃ ነው፣ ዋጋው ግን አዲስ አበባ። ሾፌሩ ከእኛው ትሪ እየጠቀለለ ወዴት እንደምንሄድ ጠየቀ። "ሙዚየሙን ነው? ጥሩ ነው፣ አሪፍ አሮጌ ሞተር ብስክሌት አለላችሁ" አለ።

"ሰውስ አለ?" አሉ አክስቴ።

"ሰው ምን ይሠራል እናቴ? ሙዚየም ነው እኮ።"

አመሻሽ፣ መካነ ሰላም

ከተማዋ አቧራና የሲሚንቶ ብሎኬት ናት። ግማሹ ፎቅ ከዐረብ አገር በተላከ ገንዘብ ተጀምሮ ብረቱ ሰማይ ላይ ቀርቷል። የአልጋ ቤቷ አስተናጋጅ አክስቴ ጅዳ መኖራቸውን ስትሰማ አጠገባቸው ቁጭ አለች። "እስቲ ይምከሩኝ፣ ልሂድ ወይስ ልቅር?"

"መሄድሽ ካልቀረ ስምሽን ይዘሽ ሂጂ" አሏት። "ማዳሟ ሌላ ስም ላውጣልሽ ብትል እሺ እንዳትያት።" ልጅቷ ሳቀች። አክስቴ አልሳቁም።

ረቡዕ ጠዋት፣ ሚሲዮኑ

በኮረኮንች ስንናጥ ቆይተን ከሚኒባስ ወረድን። ቤተ ክርስቲያኑ ያምራል፤ ያምራል ማለት ባልፈልግም ያምራል። ጥርብ ድንጋይ፣ ቀጭን የደወል ማማ፣ ዙሪያውን ጽድ። አክስቴ በሩ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። "እዚች ጋ ነው ያሰረችልን" አሉና አንገታቸውን ዳበሱ።

የሙዚየሙ ኃላፊ ታምራት የሚባል ትሑት ሰው ነው፤ በማን እንደምናደድ እስኪጠፋኝ ድረስ ትሑት። ሙዚየሙ ሁለት ቤት ነው። የመጀመሪያው የአባቶች ክፍል ይባላል። የአባ እገሌ ጫማ፣ የአባ እገሌ መነጽር፣ የጽሕፈት መኪና፣ ሾፌሩ ያደነቀው ሞተር ብስክሌት፤ ሁሉም በመስታወት ውስጥ፣ ሁሉም ከነባለቤቱ ስም። ጥግ ላይ አንድ ኮርቻ አለ። ከሥሩ "የአባ በቅሎ፣ ዳማ" ተብሎ ተጽፏል። ጎሽ! በቅሎዋ እንኳ ስም አላት።

ሁለተኛው ቤት የረሀቡ ክፍል ነው። የአልሚ ምግብ ኩባያ፣ ሕፃናት እየተንጠለጠሉ የሚመዘኑበት ሚዛን፣ ከዚያ ፎቶዎች። የእነ አክስቴ ፎቶ ግድግዳውን ሞልቶታል። ሁለት ልጆች፣ አራት ትልልቅ ዓይኖች፣ አንገታቸው ላይ ያ ክር። አክስቴ ከሥሩ ሲቆሙ ታምራት ፊታቸውንና ፎቶውን አፈራርቆ አየ። "ወይ ጉድ!" አለ፤ ዓይኑ እንባ ሞላ።

"የእህቴ መቃብር የት ነው ልጄ?" አሉት።

መሬት መሬት አየ። "የሕፃናቱ መቃብር እዚህ ነበር። ይሄን ቤት ስንሠራ አጽማቸውን በክብር ሰብስበን ወደ ጓሮ አዛወርነው።"

ሟቾቹን አንስተው የሟቾቹን ሙዚየም ሠሩበት! አፌ ላይ የመጣውን አልጽፈውም። ጓሮ አንድ የሲሚንቶ መደብና አንድ መስቀል አለ። ሰዓዳ የቷ ጋ እንደሆነች የሚያውቅ የለም። አክስቴ መሬት ላይ ተቀምጠው እጃቸውን ሻርፓቸው ሥር ዘርግተው ፋቲሃቸውን ቀሩ። ታምራት ባርኔጣውን አውልቆ ፊቱን አዞረልን።

ስንመለስ ሌላ ፎቶ አሳየን፤ ለእህል የተሰለፉ ሰዎች፣ መካከላቸው ጥምጥም የጠመጠሙ ሼህና ሻሽ ያሰሩ ሴቶች። "ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በየስሙ ነበር የሚበላው" አለ እየተኩራራ።

"በየስሙ?" አሉ አክስቴ።

"በየስሙ። ማንም ከበር አልተመለሰም።"

አክስቴ ግድግዳውን በመዳፋቸው ተደገፉ። አላወቀም እንጂ ገደላቸው። ደስ ብሎት ባዶ ካርድና ብዕር አመጣ። "ስማችሁን ይንገሩኝ፣ አሁኑኑ ጽፌ ልለጥፈው። የታናሽዎ ማን ነበር?"

አክስቴ ፎቶውን ቀና ብለው አዩት።

"አበባ" አሉ። "አበባ ብለህ ጻፍ። እኔ ጥሩነሽ ነኝ።"

"ኧረ አክስቴ..." ከማለቴ ክንዴን ጨምድደው ያዙኝ። ታምራት በሚያምር የእጅ ጽሑፍ ጻፈው፣ ለጠፈው፣ አብሯቸውም ፎቶ ተነሣ።

ረቡዕ ከሰዓት፣ መልስ

ሚኒባሱ ውስጥ ንዴቴ አልበርድ አለኝ። "ይህን ሁሉ መንገድ የመጣነው ለዚህ ነው? እንግዲህ ውሸቱን በገዛ አፍዎ አጸደቁት!"

ወደ መስኮቱ እንደዞሩ መለሱልኝ። "እህቴ በትኩሳት ስትነድ የሚሲዮኑ ሲስተር ግንባሯ ላይ እርጥብ ጨርቅ ታደርግላት ነበር። ከእጄ ልትሄድ መሆኑ ገባኝና መሐላውን ረሳሁት። ሰዓዳ! ብዬ ጠራኋት። ያቺ ራሷን ማንሣት ያቃታት ልጅ እጇን ሰድዳ አፌን ያዘችኝ። ዝም በይ፣ ያባርሩናል አለችኝ። ሌላ ቃል አልተናገረችም።"

"ግን ሰውየው አሳየን እኮ። ማንም አያባርራትም ነበር።"

"አዎ፣ እነዚያ ደጎች ነበሩ፤ አላህ ይክፈላቸው።" ሻርፓቸውን አገጫቸው ሥር አጠበቁት። "እነዚያ ግን ሞተዋል። ነገ የሚመጣውን ማን ያውቀዋል? ጊዜውን እያየኸው ነው። አንዴ ከጉድጓዷ አንሥተዋታል። እኔ ወደ ቤቴ እየገባሁ ነው፣ እሷ እዚያው ናት። የእስላም ልጅ ናት ብለው ቢያወጧትስ? ማን አለላት?"