ጋሽ ጆሮ ያልሰሙት ድምፅ

የባለቤቴ አጎት መካኒክ ናቸው። ሰፈሩ ጋሽ ጆሮ ይላቸዋል፤ እሳቸውም ስሙን ይወዱታል። መኪና ሲቀርብላቸው ኮፈኑን ከፍተው የረጅም ካቻቪቴ ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ ያደርጉና ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ጥቂት ቆይተው፣ «ሦስተኛው ቫልቭ ያነክሳል» ይላሉ። ሲፈታ እውነትም ሦስተኛው ይሆን ነበር። በደህናው ጊዜ ሾፌሮች በራቸው ላይ ተሰልፈው ይጠብቋቸው ነበር አሉ።

ያን ጆሮ የበላው ሥራው ራሱ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከሚያጓራ ጀኔሬተር ጎን ቆመው ብረት ቀጥቅጠዋል። ቀስ እያለ ስለመጣባቸው አላወቁትም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው ለሳቸው የተተረተ ይመስለኛል። ይህን ያወቅሁት ግን ኋላ ነው።

እኔ ጠዋት ጠዋት የራሴን ሁለትና የጎረቤት ሁለት ልጆች በአሮጌዋ መኪናችን ትምህርት ቤት አደርሳለሁ። ባለፈው ወር ፍሬን ስይዝ ሲጢጥ ማለት ጀመረች። ሌላ ጋራዥ ልውሰዳት ብዬ ሳማክረው ባለቤቴ፣ «አጎቴ እያለ? ሰው ምን ይላል!» አለኝ። ወሰድኳት።

ሁለት ልጅ ወልጄም ለሳቸው ሙሽራ ነኝ።

«ሙሽሪት፣ መኪናሽ እኮ እንደ ሕፃን ተኝታለች። ምንም የላት።»

«ጋሼ፣ ፍሬኗ ይጮኻል።»

«ልጅ መቼ ዝም ይላል! ይጩኹ ተያቸው!»

አጠገቤ አስቀምጫቸው ሰፈሩን ዞርኩ። ፍሬን ያዝኩ፤ ሲጢጥ አለች። እሳቸው ፈገግ ብለው ጸጥታዋን አደነቁ። ጆሮ የተባለ ሰው ካልሰማው የተበላሸው የኔ ጆሮ ነው ብዬ ቤቴ ገባሁ።

በሳምንቱ ትምህርት ቤቱ አጠገብ ባለው ቁልቁለት ላይ ድምፁ ወደ መፋቅ ተለወጠ። ፍሬኑን ብረግጥ ብረግጥ መኪናዋ ተንሸራታ የእግረኛ መንገዱን ጠርዝ ገጭታ ቆመች። ልጆቹ አንድም ጭረት አልነካቸውም፤ የትንሹ ልጄ ሱሪ ግን ረጥቦ ነበር። ሰዎች ገፍተው ጥግ ላይ ያለው ጋራዥ አስገቡልኝ። መካኒኩ በክሪክ አንስቶ ጎማውን ፈታ። የፍሬኑ ሸራ አልቆ ብረት ከብረት ይፋጫል።

«ማን ነው ያየልሽ?»

ነገርኩት።

«ውይ እህቴ! ጋሽ ጆሮ መስማት ካቆሙ እኮ ሁለት ዓመታቸው ነው። ደንበኛ ሆነሽ የቀረሽላቸው አንቺ ብቻ ነሽ።»

ነገ ደግሞ ልጆች የጫነ ሌላ ሰው ቢመጣባቸውስ? ልነግራቸው ቆርጬ ሄድኩ። ጋራዣቸው በር ላይ ብቻቸውን ተቀምጠዋል። ጎረቤት እንዳይሰማ ጠጋ ብዬ፣

«ጋሼ፣ ጆሮዎ ደክሟል» አልኩ በቀስታ።

«እ?»

«ጆሮዎ...»

«ጮክ በይ እንጂ! አፍሽ ውስጥ ምን ይዘሻል?»

የሰው ገመና የሚነገርበት ድምፅ እሳቸው ጋ አይደርስም። ጮህኩ።

«አይሰሙም! ፍሬኑን አልሰሙትም!»

ማዶ ያለው ልብስ ሰፊ የስፌት መኪናውን መርገጥ አቆመ። መንገደኛ ዞረ። ጋሽ ጆሮ ሰሙ።

«ማን ማን ያውቃል?»

«ሰፈሩ።»

«የወንድሜስ ልጅ?»

ባለቤቴ ከአጎቱ ጋር ሲያወራ ሁልጊዜ እንደሚጮህ ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። እኔ ጨዋታ ይመስለኝ ነበር። መልሱን ከፊቴ አነበቡት።

«ጋሼ፣ ዓይንዎ ደህና ነው፤ እጅዎ ደህና ነው!» አልኩ እየጮህኩ። «ጎማውን እየፈቱ ማየት ነው!»

«ጎማ ፈትቶማ ማንም ያያል» አሉና ገቡ።

እራት ላይ ባለቤቴን ያዝኩት።

«ታውቅ ነበር አይደል?»

«ይከፋዋል ብዬ ነው። ሰው ሁሉ ሸሸው፤ እኛም ካልሄድንለት...»

«ልጆችህን ጭኜ ልሂድላቸው?»



አሁን መኪናዋ የምትታየው ጥግ ያለው ጋራዥ ነው። ፍሬኗም ደህና ይይዛል። ዛሬ ጠዋት ልጆቹን ይዤ ሳልፍ ጋሽ ጆሮ በራቸው ላይ ጀርባቸውን ሰጥተው ቆመዋል። ለሰላምታ ክላክስ አደረግሁ። ደገምኩ። አልዞሩም። ሳይሰሙ ቀርተው ይሁን አልሰማ ብለው፣ ወርጄ ለመጠየቅ አልደፈርኩም።