የወጋየሁ ቁልፍና የእኔ ከሰል

ባሌን ወጋየሁን የምታውቁት ከሆነ በር ላይ ነው የምታውቁት። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ጎፋ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ያለ የእህል መጋዘን ዘበኛ ነው፤ እሁድ ደግሞ የቤተ ክርስቲያናችንን በር ይጠብቃል። ደከመኝ ሲል ሰምቼው አላውቅም። እኔ ግን ደክሞኛል። ስለ እሱም ስለ ራሴም ደክሞኛል። ሰው ሁሉ ጋሼ ሁንዴሳን የገደላቸው የወጋየሁ ቁልፍ ነው ይላል። ሁለት ወር ሙሉ እንዲህ ሲባል አፌን ዘግቼ ሰማሁ። ቁልፉ ብቻ እንዳልነበረ የማውቀው እኔ ነኝ፣ ማናዬ፣ ከሰል ቸርቻሪዋ።

ቤተ ክርስቲያናችን ስሟ ሜቶዲስት ነው። ሰፈሩ ግን ስም አያበዛም፤ ሁላችንንም ጴንጤ ብሎ ይገላገላል። ልዩነቱ ምንድን ነው ብላችሁ እኔንም አታስጨንቁኝ። ድሮ በየቤቱ ተደብቀን የምንጸልይ ጥቂት ሰዎች ነበርን። ደርግ ሲወድቅ ፓስተር ኢያቄም ናይሮቢ ሄዶ ተማረ፣ ሜቶዲስት ሆኖ ተመለሰ፣ እኛም ሆንን። ልጅ እያለ ስለማውቀው አንቱ አልለውም። አርባ ሰው አንሞላም። የምናመልከው የአንድ ቪላ ጋራዥ ተከራይተን ነው፤ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ አንድ በር፣ ሁለት ትንንሽ መስኮት። ዝናብ ሲመታ ስብከቱ አይሰማም፤ አንዳንዴም እሰየው ነው።

ወጋየሁን በር ላይ የተከለው የድሮ ነገር ነው። በሰባ አንድ ዓመተ ምሕረት ብስራተ ገብርኤል አካባቢ አንድ ወንድም ቤት ስንጸልይ በር ጠባቂው እሱ ነበር። ወጣት ነው፣ መዝሙሩ ጣፈጠውና ገባ ብሎ አብሮ ዘመረ። በሩን አልቀረቀረውም። አብዮት ጠባቂዎች ጠመንጃቸውን ይዘው ዘው አሉ። አስራ አንድ ሰው ታሰረ። እሱ በሦስት ወሩ ተፈታ፤ ሞልቱ የሚባል ጓደኛው ግን ዓመት ከመንፈቅ ቆይቶ ሲወጣ ግራ እግሩን ይጎትት ነበር። ሞልቱ እስኪሞት ድረስ አንድ ቀን አልወቀሰውም። ምናለ በወቀሰው እላለሁ እኔ፤ አንዴ ተጣልተው ይወጣላቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ ወጋየሁ አምልኮ ላይ ተቀምጦ አያውቅም። መዝሙር ሲጀመር በሩን ይዘጋል፣ ቁልፉን ሁለቴ ያዞራል፣ ኪሱ ይከታል፣ ጀርባውን በሩ ላይ ለጥፎ ይቆማል።

«አንተ ሰውዬ፣ ደርግ እኮ ሄዷል፤ ማን እንዳይገባ ነው የምትቆልፈው?» እለዋለሁ።

«አንቺ ምን ታውቂያለሽ» ይለኛል። አለቀ፣ ንግግሩ ይኸው ነው።

ለነገሩ ያለ ምክንያት አልነበረም። የሰፈሩ ጎረምሶች ጣሪያችን ላይ ድንጋይ መወርወር ጀምረው ነበር። ሚያዝያ ላይ አንዱ መስኮት ተሰበረና መስታወቱ የአንዲት ሕፃን ግንባር ሰነጠቀ። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ። ለደኅንነታችን ሲባል መስኮቶቹ በጣውላ ይመቱ አሉ፤ ድምፃችን ጎረቤት እንዳያስቆጣ ግድግዳው ላይ ብርድ ልብስ ይሰቀል፣ በሩም በአምልኮ ሰዓት ይቆለፍ አሉ። ይህን ልብ በሉልኝ፤ የወሰኑት እነሱ ናቸው። ወጋየሁ መዶሻውን ይዞ ጣውላውን ሲመታ እያፏጨ ነበር። ስንት ዘመኑ፣ ሲያፏጭ ሰምቼው አላውቅም ነበር።

«አንዱን መስኮት እንኳ ተዉልን፤ ሰው እኮ ይተነፍሳል» ብዬ ነበር። ማን ይሰማኛል። ሴት፣ ያውም ከሰል ሻጭ።

የሰማንያ ስምንት ክረምት ከባድ ነበር። ሐምሌ ላይ ብርዱ አጥንት ይገባል። ሽማግሌዎቹ እንደገና መከሩና፣ አቅመ ደካሞች እንዳይበርዳቸው በምድጃ ከሰል ይግባ አሉ። ከሰሉን ከማን? ከማናዬ! እሺ አልኩ። እሁድ እሁድ ቀድሜ እደርስና ከደጅ አቀጣጥዬው፣ ጭሱ ወጥቶ ፍሙ አመድ ሲለብስ አስገባለሁ። ያልበሰለ ከሰል ቤት አይገባም፤ ሕፃን ልጅ ያውቀዋል። እኔ ደግሞ ከሰል ይዤ ስዞር ሃያ ዓመቴ ነው።

ያን እሁድ ግን ዝናቡ ከሌሊት ጀምሮ አላባራም። ከሰሉ ረጥቦብኛል። ከጣሪያው ሥር ተጠግቼ ባራግብ ባራግብ እምቢ አለኝ። ነጠላዬ በስብሷል፣ ደረቴ ይወጋኛል፣ እጄ ይንቀጠቀጣል። ውስጥ መዝሙሩ ተጀመረ። ወጋየሁ በሩን ይዞ ቆሟል፣ ሊዘጋ ነው። ምድጃዎቹን አየኋቸው፤ ከላይ ገና ጥቁር ናቸው። «ውስጥ ይበስላል» አልኩ ለራሴ። እንዲህ ነው ያልኩት፣ አልዋሽም። ሁለቱንም ምድጃ አንጠልጥዬ ገባሁ። አንዱን ለሴቶቹ፣ አንዱን ጋሼ ሁንዴሳ ወደሚቀመጡበት ጥግ አደረግሁ። ወጋየሁ ቆለፈ።

ጋሼ ሁንዴሳ የመንገድ ሥራ ጡረተኛ ናቸው፤ ሰባ አልፏቸዋል። ሰው ሲያናግሩ ድምፃቸው አይሰማም፣ ሲጸልዩ ግን መቆሚያ የላቸውም። ከዘራቸውን ይመረኮዛሉ፣ ግንባራቸውን እጃቸው ላይ ይደፋሉ፣ በቃ። ፕሮግራም ሲያልቅ ባለቤታቸው እትዬ አፀደ ናቸው ትከሻቸውን ነካ አድርገው የሚያስነሷቸው። ያን ለት እትዬ አፀደ እግራቸውን አሟቸው ቤት ቀርተው ነበር።

ጸሎት ላይ ሁላችንም ባንድ ላይ ድምፃችንን ከፍ አድርገን ነው የምንጸልየው። ግማሽ ሰዓት ያህል እንደቆየን ጸሐይወርቅ፣ ልብስ ሰፊዋ ልጅ፣ ተዝለፍልፋ ወደቀች። ሰው ግር ብሎ ከበባት። «ውጣ! በኢየሱስ ስም ውጣ!» ይጮሃሉ። ልትወጣ የፈለገችውስ እሷ ነበረች፣ እኔን! ደግሞ አንድ ወጣት ግድግዳ ተደግፎ ተንሸራተተ። ይሄኔ ፓስተር ኢያቄም እጁን ዘርግቶ «መንፈስ ቅዱስ ወርዷል፣ ተቀበሉ!» አለ። አሜኑ ጣሪያውን አናወጠው። እኔም አሜን አልኩ። ጭንቅላቴ ሊፈርስ ደርሷል፣ እኔም አሜን እላለሁ።

ድንገት ገባኝ። ይህን ራስ ምታት አውቀዋለሁ፤ ልጅ ሆኜ አንዴ ከነእናቴ ሊጨርሰን ነበር። ከሰሉ ነው።

«ክፈት!» ብዬ ጮህኩ። ማን ይሰማል፣ ሁሉ ይጮሃል። ሰው እየገፋሁ በሩ ጋ ደረስኩ። «ወጋየሁ ክፈት፣ ከሰሉ ነው፣ ሰው ሊያልቅ ነው!»

ቁልፉን አውጥቶ ያዘ። አላዞረውም። ፊቱን ያየሁት እኔ ነኝ። በጸሎት መሀል በር መክፈት ማለት ለሱ ሌላ ነገር ነው፤ ከውጭ የሚጠብቀው ዝናቡን አልነበረም። ምን ያህል እንደቆመ አላውቅም። ያየ ሁሉ የየራሱን ይናገራል፤ ሩብ ሰዓት ነው የሚልም አለ፣ ሐሰት ነው። በጥፊ መታሁት። ባሌን መትቼ አላውቅም ነበር። ከፈተ።

ከዚያ በኋላ የሠራውን ግን ማንም አያወራም። ጸሐይወርቅን ተሸክሞ ያወጣት እሱ ነው። ወጣቱንም፣ አሮጊቶቹንም ያወጣው እሱ ነው። ጭቃው ላይ ዘርግተናቸው ዝናቡ ሲወርድባቸው አንድ በአንድ ነቁ። እያለቀስን ጌታን አመሰገንን። አንድ ሰው «ጋሼ ሁንዴሳስ?» አለ። ሌላው ወደ ውስጥ አየና «እዚያው ናቸው፣ እየጸለዩ ነው፣ አትረብሿቸው» አለ። ሰው እንዲህ ሲል ሁላችንም ሰምተናል። ሁላችንም እሺ ብለናል። ወጋየሁ ሁለተኛውን ምድጃ ሊያወጣ ተመልሶ ሲገባ ነው ትከሻቸውን የነካው።

ፖሊስ ወጋየሁን ወስዶ ሁለት ቀን አቆይቶ ለቀቀው። የእድሩ ድንኳን ተተከለ። ካስማውን የመቱት የድንጋይ ወርዋሪዎቹ አባቶች ናቸው፤ እንግዲህ ሰፈር ማለት እንዲህ ነው። ለቅሶው ላይ ግን ወጋየሁ አጠገብ የሚቀመጥ ጠፋ። «በሩን ቶሎ ቢከፍት ኖሮ» ይባላል። «ለመሆኑ ማን ቆልፍ አለው?» ይባላል፤ ይህን የሚሉት ቆልፍ ያሉት ሽማግሌዎች ናቸው። ስለ ከሰሉ የጠየቀኝ አልነበረም። ከሰል ያው ከሰል ነው፣ ይገድላል፣ የታወቀ ነው። እንዴት አድርጌ እንዳስገባሁት ማንም አላየኝም ብዬ ተቀመጥኩ። ቤት ስንገባ እሱ ጥግ ይዞ ዝም ይላል፣ እኔም ዝም። እህል አይወርድለትም። ስንት ሌሊት ልነግረው ተነስቼ ተመልሼ ተኛሁ። ፈሪ ነኝ፣ ምን ላድርግ።

መስከረም ላይ ሽማግሌዎቹ ከአምልኮ በኋላ ምእመኑን አስቀሩ። ጣውላው ተነቅሏል፣ በሩም ወለል ብሎ ተከፍቷል። ፓስተር ኢያቄም ነገሩን ዙሪያውን ሲዞር ቆየና፣ «ወንድማችን ወጋየሁ ብዙ ዘመን አገልግሏል፤ አሁን ለሁላችንም ደኅንነት ሲባል ቁልፉን ቢያስረክብ» አለ። ወጋየሁ ብድግ አለ። መከራከር የለ፣ ምን የለ። ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። እጁ ኪሱ ላይ ቀረ። እዚህ ላይ አልቻልኩም።

«ከሰሉ አልበሰለም ነበር» አልኩ። ድምፄ የእኔ አልመስል አለኝ። «ረጥቦብኝ፣ በርዶኝ፣ ጥቁሩን አስገባሁት። እያወቅሁ ነው ያስገባሁት። እሱ ላይ የምትሉትን ሁሉ እኔ ላይ በሉት።»

እትዬ አፀደ ከፊት ረድፍ ተቀምጠው ነበር፤ ዞረው አላዩኝም። ተነስተው ከዘራውን፣ የጋሼን ከዘራ ማለቴ ነው፣ ይዘው ወጡ። ስብሰባው በዚያው ተበተነ። ቁልፉን ግን አልመለሱለትም።

ወደ ቤት ስንሄድ ወጋየሁ ከኋላዬ ነበር። ድልድዩ ጋ ስንደርስ «ምን አስለፈለፈሽ?» አለኝ።

«ልትሞትብኝ ነው እንዴ እያየሁ!»

«አውቄው ነበር እኮ። ስታስገቢው ጥቁሩን አይቻለሁ። መልሺ ልልሽ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ስትንቀጠቀጪ አይቼ ተውኩት።»

ቆምኩ። ሁለት ወር! ሁለት ወር ሙሉ አንድ ጣሪያ ሥር ተኝተን!

«ታዲያ ምነው ዝም አልክ?»

«የኔን ስም እንደሆነ ድሮም ያውቁታል» አለ። «አንቺ ግን የምትኖሪው በከሰሉ ነው። ሰው የገደለ ከሰል ማን ይገዛሻል?»

መንገድ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ሰው ያልፋል፣ ያያል፣ ይየን። እሱ ቆሞ ጠበቀኝ።

በማግስቱ ከመጋዘኑ ፈቃድ ጠይቆ አብሮኝ ገበያ ወጣ። «ምን ልትሠራ ነው?» ስለው «ምን እሠራለሁ፣ እቀመጣለሁ» አለ። ተቀመጥን። ወሬው ቀድሞን ደርሷል። ደንበኞቼ እያዩን ወደ ሱልጣን ያልፋሉ፤ ሱልጣን ከእኔ ሁለት መደብ አለፍ ብሎ የሚሸጥ ነው። እሱም አፍሮ ቀና ብሎ አያየንም። ስድስት ሰዓት ሆነ። አንድ ቁና አልተነሳም። ወጋየሁን «ሂድ ወደ ሥራህ» አልኩት፤ አልሄደም።

ከሰዓት በኋላ እትዬ አፀደ ዘንቢላቸውን ይዘው በከዘራው እየተደገፉ መጡ። ሁለታችንም ተነሳን። ሰላምታ አላቀረቡልንም።

«ስፈሪልኝ» አሉ።

ሰፈርኩ። ድቃቅ ድቃቁን ለየሁ፣ ደረቅ ደረቁን መረጥኩ። «እትዬ፣ እግዚአብሔር ይስ...» ማለት ስጀምር እጃቸውን አነሱ።

«ይቅር አላልኩሽም» አሉ። «ከሰል አልቆብኝ ነው። ቤቱ ቀዝቅዟል።»

ዘንቢሉን ሊያነሱ ጎንበስ አሉ፤ እግራቸው እምቢ አላቸው። ወጋየሁ ሊቀበላቸው ዘንቢሉን ያዘ። መጀመሪያ አልለቀቁለትም። ትንሽ ቆይተው ለቀቁለትና ፊት ፊት ሄዱ፤ እሱም ዘንቢሉን ተሸክሞ ከኋላቸው ተከተለ።