ዩኒክስ በምን ተጻፈ?

እንጅባራ፣ ሽማግሌዎቹ ዛሬም ቆሰበር በሚሏት ከተማ፣ ኮሌጅ ውስጥ ኮምፒውተር አስተምራለሁ። የማስተምርበትን ሃንድአውት ያዘጋጁት እኔኑ ያስተማሩኝ ሰው ናቸው፤ ዛሬ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ሆነዋል። በእኛ ቤት ሃንድአውት ይወረሳል እንጂ አይነካም። የፎቶኮፒ ፎቶኮፒ ሆኖ ፊደሉ እስኪጠፋ እናስተምርበታለን፤ የፈተናው መልስም አብሮ ይወረሳል። የአስተማሪን መልስ ማረም አስተማሪን መድፈር ነው። ድንቄም ምሁር!

ከጥያቄዎቹ አንዱ ዩኒክስ መጀመሪያ በየትኛው የፕሮግራም ቋንቋ ተጻፈ የሚል ነው። ዩኒክስ ከቀደምት ኦፐሬቲንግ ሲስተሞች፣ ማለትም ኮምፒውተሩን ከስር ሆነው ከሚያዙት ፕሮግራሞች አንዱ ነው። የወረስኩት መልስ ‹‹ሲ›› ይላል። ስህተት ነው። መጀመሪያ የተጻፈው በአሴምብሊ ነው፤ ለአንድ ዓይነት ማሽን ብቻ በሚሆን ቋንቋ፣ ትእዛዝ በትእዛዝ እየተለቀመ። በሲ እንደገና የተጻፈው ከዓመታት በኋላ ነው፤ ከማሽን ወደ ማሽን በቀላሉ መሻገር የቻለውም ያኔ ነው። ይህን አውቅ ነበር። እያወቅኩ ‹‹ሲ›› ያላለውን ሁሉ ኤክስ አደርግ ነበር።

ከዳንግላ ገጠር የመጣች አንዲት ተማሪ ‹‹አሴምብሊ›› ብላ ጻፈች። ኤክስ አደረግኩባት። ለማለፍ የጎደላት አንድ ማርክ ነበር። ቤተ መጻሕፍት ገብታ ሽፋኑ የተገነጠለ መጽሐፍ ፈልጋ፣ ገጹን በጣቷ ይዛ ቢሮዬ መጣች። በአገውኛ ነበር ያዋራችኝ፣ እንደ ወንድም። እኔም የጥሊሊ ልጅ ነኝ፤ አፌን የፈታሁት በአገውኛ ነው። በአማርኛ መለስኩላት። መምህር ነኛ!

ነገሩን በአማርኛ ደገመችልኝ። አባቷ ከተማ አስቀምጠው ማስተማር የሚችሉት አንድ ልጅ ብቻ ነው፤ ታናሽ ወንድሟ ተራ እየጠበቀ ነው። ኮርሱ የሚሰጠው በዓመት አንዴ ስለሆነ፣ ከወደቀች ተራው ወደ ወንድሟ ይዞራል፤ እሷም ትምህርቷን ትታ ትመለሳለች። ገጹን አነበብኩት። ልክ ነበረች። ኃላፊውን ጠይቄ ነገ እነግርሻለሁ አልኳት።

አልጠየቅኩም። በራቸው ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። ለአንድ ማርክ ብዬ ያስተማሩኝን ሰው ተሳስተዋል ልበላቸው? ፈራሁ፤ ሌላ ስም የለውም። በማግስቱ ስትመጣ ግን ዓይኔን ሳላሽ፣ ‹‹ለመንኳቸው፤ እምቢ አሉ›› አልኳት። አመስግናኝ ወጣች። በሳምንቱ ፍራሿን አስጭና ወደ አገሯ ሄደች።

በዓመቱ ፈተናዎች ይታደሱ ተባለ። እንግዲህ ትእዛዝ ነው ብዬ መልሱን አረምኩና፣ እየተርበተበትኩ ለኃላፊው አቀረብኩ። አንዴ አዩት፣ እስክሪብቷቸውን አወጡ፣ ፈረሙ።

‹‹እውነትህን ነው፤ ተሳስቼ ኖሯል›› አሉኝ። ‹‹ምነው እስከ ዛሬ ሳትነግረኝ?››

ወይ ነዶ! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሰውዬው ቢቆጡኝ፣ ቢሰድቡኝ፣ ከቢሮ ቢያስወጡኝ ይሻለኝ ነበር። የፈራሁት ነገር ጭራሽ አልነበረም። ወረቀቱን ይዤ ወጣሁ፤ የዚያ ዓመት ተማሪዎች ‹‹አሴምብሊ›› ብለው በመጻፋቸው አንድም ማርክ አላጡም።

ባለፈው ለልቅሶ ዳንግላ ሄጄ ስመለስ መናኸሪያው ላይ አገኘኋት። ከሩቅ አይታኝ ሮጣ መጣች። የሰው ሱቅ ውስጥ ተቀጥራ እንደምትሸጥና ወንድሟ ኮሌጅ እንደገባ ነገረችኝ። ኃላፊው አሁንም እዚያው እንዳሉ ጠየቀችኝ፤ አሉ አልኳት። ፊቷ ጠቆረ።

‹‹እሳቸውን በሰማይም ይቅር አልላቸውም›› አለች። ‹‹እርስዎን ግን እግዜር ያክብርልኝ፣ መምህር። ለምነውልኛል።››

‹‹አሜን›› አልኩና ሚኒባሱ ውስጥ ገባሁ።