የሁመድ ሀቅ

ሰኞ ሊመጣ ሲል ገና ከዋዜማው ወገቤን ያመኛል። ባቲ መሄድ አለና። ከከሚሴ ኮምቦልቻ፣ ከኮምቦልቻ ባቲ፣ ሚኒባስ ውስጥ ተጣጥፈን ነው የምንሄደው። የምትሄደውስ እህቴ ሳቢራ ነች፤ እኔ ብቻዋን አልለቃትም ብዬ ነው አብሬያት የምጣጠፈው። እሑድ ደግሞ የሰንበቴ ገበያ አለ። ሦስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ከረምን። ሰው ገበያ የሚሄደው ሊሸጥ ወይ ሊገዛ ነው፤ እኛ የምንሄደው አንድ ሰው ፍለጋ ነው። ሁመድ የሚባል አፋር። ባቲ የግመል ተራ መሃል ቆማችሁ "ሁመድ" ብላችሁ ብትጣሩ ስንቱ ዞር እንደሚል የሄደ ያውቀዋል።

"ሀቁ አለብኝ" ትላለች ሳቢራ፣ ተዪው እንጂ ባልኳት ቁጥር። "የራሱን ሀቅ አላህ ይምራል። የሰውን ሀቅ ግን ሰውየው ራሱ አውፍ ካላለ ማን ይምረዋል? ይዤው ልሙት ወይ ሙሚና?"

እንዲህ ስትለኝ ምን ልበላት? ነጠላዬን አንስቼ እከተላታለሁ። ሚኒባሱ ውስጥ የሚያውቀን ሁሉ "እሳ ዴምቱ?" ይለናል፤ ወዴት ናችሁ ማለቱ ነው። እኔም ባቲ እላለሁ። ለምን እንደሆነ አልናገርም፤ ቢሰሙ እብድ ናቸው ይሉናል።

ሳቢራ በአራት ዓመት ትበልጠኛለች። ያደግነው ጨፋ ነው፤ ቦርከና ደጃችን ነበር። ክረምት ሲገባ ማሽላችንን ይዞብን የሚሄድ ወንዝ ነው፤ ውሃ እንዴት እንደሚያልቅ ከየት እንወቀው? ከባሏ ስትፋታ በዘጠና ስድስት ከሌሎች ሴቶች ጋር በሚሌ በኩል ጅቡቲ ወረደች። አንድ ዓመት ሰው ቤት ሠራች። ቀጥሎ የአሠሪዋ ወዳጅ የሆነ አንድ ፈረንጅ፣ ባለ ሸራ ጀልባ ያለው ካፒቴን፣ ምግብ የምትሠራ ሴት ይፈልግ ነበርና ወሰዳት። ቱሪስቶችን አሳፍሮ ሳምንት ሳምንቱን በዳርቻው እያዞረ ባሕር የሚያሳይ ሰው ነው።

ከዚያ አንድ ፎቶ ላከችልን። የጀልባውን ምሰሶ ተደግፋ፣ ከኋላዋ ነጭ ሸራ ተነፍቶ፣ ሻሿን ነፋስ ሲያውለበልበው። እናታችን ግድግዳ ላይ ሰቀለችው። ጎረቤቱ ሁሉ እየገባ አየ፤ "ሳቢራማ አለፈላት፣ ባሕር ላይ ትንሸራሸራለች" ተባለ። እኔም ቀናሁ፣ ምን እደብቃለሁ። ፎቶው የማያሳየው ግን ከመነሳቱ በፊት ሦስት ሳምንት ሙሉ ስታስመልስ መክረሟን ነው።

ጀልባዋ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሃያ እርምጃ ነች፤ ሳቢራ ስንቴ እንደቆጠረችው አላህ ይወቅ። እዚያች ላይ ስምንት እንግዳ፣ ካፒቴኑ፣ ሁመድና እሷ። የምትተኛው ከኩሽናው ጎን በተዘረጋች ሳንቃ ላይ ነበር፤ ከሥሯ ሽንኩርትና ድንች ይቀመጣል። አራት ዓመት የሽንኩርት ሽታ ይዛ ተኛች። ነፋሱ በርትቶ ጀልባዋ ስትጋደል ድስቱም አብሮ ይጋደላል፤ እንዳትወድቅ ምድጃው ፊት በቀበቶ ታስራ ነው የምትሠራው። "እንደ አረፋ በግ ታስሬ ወጥ ሠራሁ" ትለኛለች። ስትለው አትስቅም።

እንግዶቹ ቀኑን ሙሉ ይዋኛሉ። ያንን ነጠብጣብ ያለበትን ትልቅ ዓሣ አይተው ሲንጫጩ ይወጣሉ፤ ይርባቸዋል። ከገላቸው የሚንጠባጠበው ውሃ ሲደርቅ ጨው ይሆናል። ሳቢራ ታበላለች፣ ታጥባለች፣ ጨዉን ትወለውላለች። ስትጨርስ እንደገና ዘለው ይገባሉ። ታጁራ፣ ኦቦክ፣ ሙሻ ደሴት፣ ተመልሶ ጅቡቲ። አንዱ ቡድን ይወርዳል፣ በማግስቱ ሌላው ይሳፈራል። ያው ተራራ፣ ያው ሙቀት፣ ያው ጥያቄ። እንግዳው ሳምንት አይቶ ተደስቶ ይሄዳል፤ እሷ ግን የት ትሄዳለች? ወደብ ሲደርሱ ደግሞ የቆመችበት መሬት ይወዛወዝባታል። "ባሕር ላይ ደከመኝ፣ መሬት ላይም ማረፍ አቃተኝ" ብላ አንዴ በስልክ አልቅሳብኛለች። እኔም "ነይ በቃ" አልኳት። ይቺን ወራት ልጨርስ አለች። ሁልጊዜ ይቺን ወራት ነው።

የሚያናግራት ሰው ሁመድ ብቻ ነበር። ሸራ የሚስበው፣ መልሕቅ የሚጥለው፣ ወደብ ላይ ውሃ የሚሞላው እሱ ነው። ቤተሰቡ ሚሌ አካባቢ ነው፤ አጎቶቹ ፍየልና ግመል እየነዱ ባቲ ይወጣሉ፣ እሱም ልጅ ሆኖ አብሯቸው ወጥቷል። አማርኛ የለመደው እዚያ ነው። መጀመሪያ ቀን "ባቲን አውቃለሁ" ሲላት እንባዋ መጣ። "የጨፋ ልጅ" ይላት ነበር፤ በስሟ ጠርቷት አያውቅም። ወንድና ሴት ናቸውና ብዙም አያወሩ፤ ብቻ እሱ መኖሩ ይበቃት ነበር።

እንግዲህ ነገሩ ውሃው ላይ ነው። ጀልባዋ የጣፋጭ ውሃ፣ ጨው የሌለበት ማለት ነው፣ ታንከር ነበራት። የካፒቴኑ ሕግ አንድ ነው፦ የታንከሩ ውሃ ለመጠጥና ለወጥ ብቻ፣ ሌላው ሁሉ በባሕር ውሃ። ዕቃም ገላም። ታንከሩ ውስጥ ዱላ እየከተተ ስንት እንደቀረ የሚለካው ሁመድ ነበር።

ሶላትስ? ልጆች ሆነን ጨፋ መድረሳ ስንቀራ ስለ ውሃ የተማርነው እስከ ዛሬ አፌ ላይ ነው፦ ጣሙ፣ ቀለሙ፣ ሽታው የተለወጠ ውሃ ለውዱእ፣ ከሶላት በፊት ለሚታጠቡት፣ አይሆንም። ያስተማሩን ሸኽ ቦርከናን እያዩ ነው ያስተማሩን፤ ስለ ባሕር አላነሱ፣ እኛም አልጠየቅን። ሳቢራ ባሕሩን በጣቷ ነክታ ቀመሰች። ይሄ ጣሙ ያልተለወጠ ከሆነ የተለወጠ የሚባለው ምን ሊሆን ነው? ኩሽናው በእጇ ነው፤ ለእያንዳንዱ ሶላት አንድ ጣሳ ከታንከሩ ትቀዳለች። በቀን አምስት። የሴት ነገር አለና ገላዋን የምትታጠብበትም ቀን አለ። "አንድ ጣሳ ምን አላት ብዬ" አለችኝ። አራት ዓመት አንድ ጣሳ ምን አላት።

ሁመድን ደግሞ ታየው ነበር። በባልዲ ከባሕሩ ቀድቶ ተጣጥቦ ይሰግዳል። እሷም በሆዷ፣ አፋር ነው፣ ግመል ሲከተል ኪታብ የት ተምሮ፣ አለች። ልዋሽ አልችልም፣ እኔም ብሆን ይህንኑ ነበር የምለው። ጨፋ ውስጥ እንዲህ እያልን ነው ያደግነው።

በአራተኛው ዓመት ጉቤት የሚባለው ሰርጥ ውስጥ ነፋሱ ጠፋ፤ ሞተሩም እምቢ አለ። ሦስት ቀን ቆሙ። በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ሁመድ ዱላውን ሲከት ደረቅ ሆኖ ወጣ። ስምንት እንግዳ ከዚያ ፀሐይ በታች፣ ሁለቱ ሽማግሌዎች። ካፒቴኑ ሁመድንና ሳቢራን እንግዶቹ ፊት አቆማቸው። መጀመሪያ ላይ፣ ገና ነፋስ ሳለ፣ ዓሣ አስጋሪዎች በታንኳ ተጠግተው ውሃ ሲለምኑ ሁመድ አንድ ጀሪካን ሰጥቷቸው ነበር፤ ውሃ የለመነን ሰው አይመልስም። ካፒቴኑ ያችን አስታወሰ። "ለዘመዶችህ አድለህ ጨረስከው" አለው።

ሁመድ አልተናገረም። አንዴ ብቻ ወደ ሳቢራ ተመለከተ። እሷ እግሯን አየች።

ሞተሩ ተጠጋግኖ ሌላ ጀልባም ውሃ አቀብሏቸው ኦቦክ ደረሱ፤ ማንም አልሞተም፣ አልሀምዱሊላህ። ሁመድን ግን እዚያው ከነሻንጣው አወረዱት። ሳቢራ ኩሽና ውስጥ ነበረች። ንጹሕ ድስት ይዛ ትፈትጋለች። እሱን የምታወርደው ትንሽ ጀልባ ሞተሯ ሲነሳ ሰማች፤ ሲርቅም ሰማች። አልወጣችም። ደህና ሁን አላለችውም። ከዚያ ወዲህ ታንከሩ ተቆለፈ፤ እሷም ሶላቷን እያጠራቀመች ወደብ ስትደርስ ያለፋትን ቀዷ ታወጣ ነበር።

በሁለት ሺህ አንድ ተመለሰች። ከስታ፣ ጠቁራ፣ ያ ፎቶ ላይ ያለችው ሴት ሌላ እስክትመስለኝ ድረስ። ወር ሳይሞላት ከሚሴ ያሉትን ሸኽ ሙሀመድኑርን ልትጠይቅ ሄደች፤ እኔም አብሬያት ነበርኩ። ስለ ሁመድ አልነበረም የጠየቀችው መጀመሪያ። በባሕር ላይ ያለ ሰው ጣፋጭ ውሃ ቢያጣ፣ በውሃ ፋንታ በአፈር መታበሱን፣ ተየሙም ያደርጋል ወይ ነው ያለችው።

ሸኹ ገረማቸው። "ባሕር ላይ ሆኖ ውሃ አጣ ይባላል? የባሕር ውሃ ጠሃራ ነው እኮ፣ ያነጻል። ጨውነቱ ተፈጥሮው ነው፤ ተለወጠ አይባልም።"

ሳቢራ የበሩን መቃን ያዘች። "ታዲያ ልጆች ሳለን ለምን አልተነገረንም?"

"ጨፋ ላይ ማን ስለ ባሕር ይጠይቃል ልጄ?" አሉ።

ያን ጊዜ ሁሉን ዘርግፋ ነገረቻቸው። እሳቸውም እስከ መጨረሻው ሰምተው፣ ሶላቱ ከአላህ ጋር ነው፣ ሰውየውን ግን ፈልጊ አሏት። ፍለጋው እንዲህ ተጀመረ። ጅቡቲ ያሉ ሴቶችን በስልክ አስጠየቀች፤ አገሩ ገባ አሏት። አገሩ ገባ ማለት ደግሞ ሚሌ ነው፣ የሚሌ ሰው ባቲ ይወጣል። በቃ፣ ሰኞ ባቲ። በፀሐዩ፣ በአቧራው፣ በግመሉ መሃል፣ ነጭ ሽርጥ ያደረገ ረዥም ሰው ባየች ቁጥር ትሮጣለች፣ ታያለች፣ ትመለሳለች። እኔ ጥላ ፈልጌ እቀመጣለሁ። አንዳንዴ እቆጣታለሁ። አንዴ እንደውም "ሞቶ ቢሆንስ?" አልኳት፤ እስከ ከሚሴ ድረስ አላናገረችኝም።

በሁለት ሺህ አራት፣ ኅዳር ላይ፣ እሷ ሳትሆን እሱ አገኛት። የፍየሉ ተራ ላይ ቆመን ከኋላችን "የጨፋ ልጅ" የሚል ድምፅ ሰማን። ሳቢራ ዞረች። ሸበት ያለ፣ ሁለት ፍየል በገመድ የያዘ ሰው ነው።

እሷ ሰላምታም አላቀረበች። "ሁመድ፣ ውሃውን የጨረስኩት እኔ ነኝ" አለች።

"አውቃለሁ" አለ።

"ምን ታውቃለህ?"

"ኩሽናው ፊት ወለሉ እርጥብ ይሆን ነበር። የባሕር ውሃ ሲደርቅ ነጭ ጨው ይተዋል፤ ያ ምንም አይተውም። ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ አውቃለሁ።"

"እና ያን ዕለት ለምን ዝም አልክ?"

ፍየሎቹን አየ። "የሴት ጉዳይ መሰለኝ። ወንድ ይህን በሰው ፊት ያነሳል? እኔ ብወርድ አገሬ ነው። አንቺ ኦቦክ ላይ ብትወርጂ ማን አለሽ?"

ሳቢራ አፏን በነጠላዋ ያዘች። እዚህ ላይ ቢበቃት ደስ ባለኝ። እሱ ለምን እንደቀዳችው አልጠየቃትም፤ አውፍ በለኝ ብላ ወደ ሚኒባሳችን መሄድ እንችል ነበር። እሷ ግን ቀጠለች።

"ለውዱእ ነበር" አለች።

"ለውዱእ? ባሕር ላይ ተቀምጠሽ?" አልሳቀም። "እኔ ስታጠብ አላየሽኝም?"

"አይቼሃለሁ።"

"እና?"

ወደ እኔ ተመለከተች። ሦስት ዓመት ያመላለሳት ነገር ይኸ መሆኑን ያን ጊዜ ነው የገባኝ፤ ውሃው አልነበረም።

"አፋር ነው፣ አያውቅም ብዬ" አለች።

አንድ ሰው መጥቶ የፍየሎቹን ጥርስ ሊያይ ሲል ሁመድ በእጁ መለሰው። "ውሃውን ያኔውኑ ትቼልሻለሁ" አለ በመጨረሻ። "ይሄንን ግን አሁን መስማቴ ነው።"

ሳቢራ አለቀሰች። እኔ ደግሞ ተናደድኩ፤ በማን እንደሆነ አላውቅም፣ በሸኹም፣ በጨፋም፣ በራሴም። የቀትሩ የዙሁር አዛን እስኪሰማ ድረስ እንደዚያው ቆመን ቀረን።

ሁመድ ፍየሎቹን አሰረና ከጥላው ሥር ቢጫ ጀሪካን አመጣ። "እጅሽን ዘርጊ" አላት። ጎንበስ አለች፤ አፈሰሰላት። የሳቢራ እጅ ውሃ መቆጠብ ለምዷል፤ በእፍኝ ፊቷን፣ በእፍኝ ክንዷን አዳርሳ፣ በቃኝ ብላ ልትነሳ ስትል "ጨምሪ" አላት። ጨመረች። "እግርሽን በደንብ" አላት። ውሃው እግሯ ሥር ተኝቶ አቧራውን ጭቃ እስኪያደርገው ድረስ አፈሰሰላት።

ሰግደን ስንመለስ ፍየሎቹን ፈትቶ ሊሄድ ቆሞ ነበር። "አውፍ ብያለሁ" አለ። "ሁለቱንም። አንድ ነገር ብቻ። ይህን ለሰው ስታወሩት፣ ሁመድ ያውቅ ነበር በሉ።"

ይኸው፣ እኔም ከሚሴ ተመልሼ ለጎረቤቱም፣ ለሚኒባሱም፣ መድረሳ ለሚቀሩት ልጆችም እናገራለሁ። ስለ ባሕሩ ውሃ ሁመድ ያውቅ ነበር። እኛ ነን ያላወቅነው።