ወንድሜ የበላው ጭብጦ

ይህን ነገር ለዓመታት ለማንም አልተናገርሁም። ለነፍስ አባቴ ስናዘዝ እንኳ ሌላውን ኃጢአቴን ሁሉ ዘርዝሬ ይህን እዘለው ነበር። ሰው ዓይን አፋር ነሽ ይለኛል፤ እውነት ነው፣ ነኝ። ይህን የደበቅሁት ግን በዓይን አፋርነት አይደለም። ራሴን ስለወደድሁ ነው። እናንተ የምታነቡኝ እንደ ነፍስ አባት ስሙኝ፤ ከመጨረሻው በፊት ግን «አይዞሽ» አትበሉኝ።

በዓለም ላይ ከሁሉ አብልጬ የምወደው ሰው ወንድሜ አለልኝ ነው። ታላቄ ነው። ልጆች ሳለን እንግዳ መጥቶ ስሜን ሲጠይቀኝ እናታችን ቀሚስ ውስጥ እገባለሁ፤ እሱ ቀደም ብሎ «እኔን ጠይቁኝ፤ የእሷ አንደበት እኔ ዘንድ ነው የተቀመጠ» ይላል። በኋላ ዲያቆን ሆነ፤ ከጉና ተዳፋት ላይ ካለች አንዲት ደብር ቅኔ ሊማር ገባ። እኔ ደብረ ታቦር ትምህርቴን ጨርሼ ዩኒቨርሲቲ ስገባም ልማዱ አልቀረም። ለዕረፍት ቤት ተገናኝተን ገና ሳንሳሳም፦

«እታለም፣ ዘንድሮስ ስንት ሰው አናገርሽ?»

«ሁለት።»

«ኧረ ገበያ ሆነሻል!»

እንዲህ ነው አለልኝ። ስቆ ያስቅሃል፣ ሳታውቀውም ሸክምህን ከትከሻህ ያወርድልሃል።

ዩኒቨርሲቲ የተማርሁት ሕግ ነው። ሕግ ደግሞ ቆመህ ተናገር ይላል። ክፍል ፊት ለመቆም ተራዬ ሲደርስ አሞኛል ብዬ እቀራለሁ። አንድ ቀን አብራኝ የምታድር ልጅ በላስቲክ የተጠቀለለ ቡናማ ነገር አሳየችኝ። ሐሺሽ ነው። «ይኸ ምላስሽን ይፈታልሻል» አለችኝ። ሞከርሁት። መጀመሪያ ትከሻዬ ቀለለ፣ ሳቅ ሳቅ አለኝ፣ ከማላውቃቸው ልጆች ጋርም አወራሁ። በሌላው ቀን ግን አፌ ደረቀ፣ ዓይኔ ቀላ፣ ልቤ እንደተባረረች ፈረስ ጋለበች፤ ሰው ሲንሾካሾክ ሁሉ ስሜን የሚያነሡ መሰለኝ። ያነበብሁት ገጽ ሳልገለብጠው ይጠፋኝ ጀመር። ፍርሃቴን ያስወግዳል ያልሁት ሌላ ፍርሃት ወለደልኝ። ታዲያ ለምን ወዲያው አልተውሁትም? ስንት ጊዜ ራሴን ጠየቅሁ። ያችን የመጀመሪያዋን ቀን ፈልጌ ይመስለኛል።

ሕጉን አላወቅሁም ብዬ ልሸሽ አልችልም። መያዙም፣ መጠቀሙም፣ ለሌላ ማቀበሉም ወንጀል እንደሆነ ተምሬ ተፈትኜበታለሁ፤ ጥሩ ውጤትም አምጥቻለሁ።

በዚያ ክረምት ትራፊውን ይዤ ቤት መጣሁ። ልመለስ ስል ኬላ ላይ ፍተሻ መጥበቁን ሰማሁ። ታዲያ ምን አደረግሁ? እናቴ ለመንገዴ የፈጨችውን በሶ በቅቤ ስለውስ፣ ሐሺሹን አድቅቄ ከአንዱ ጭብጦ ጋር ለወስሁት። የተማሪ ስንቅ ማን ይጠረጥራል? ብልህ ነኝ ብዬ ፈገግ ማለቴን አስታውሳለሁ። ያን ፈገግታዬን እስከዛሬ እጠላዋለሁ።

በማግስቱ ገበያ ወጣሁ። ስመለስ አለልኝ መጥቶ ሄዷል። በእኛ አገር የቆሎ ተማሪ ከቤቱ ባዶ እጁን አይወጣም፤ እናቴም ቀድማ ያገኘችውን አንሥታ አስይዛዋለች።

«ጭብጦሽን ሰጠሁት» አለችኝ። «አንች መኪና ላይ ነሽ፣ ከየትም ትበያለሽ። እሱ በእግሩ ነው።»

«ስንቱን?»

«ሁሉንም። ምነው፣ ለወንድምሽ ሠሠትሽ?»

ያን ጊዜ ሮጬ ልደርስበት እችል ነበር። መንገዱን አውቀዋለሁ፤ ዳገቱ ላይ ሰው ሲገጥመው ሁሉ እየቆመ እንደሚያወራም አውቃለሁ። አልሮጥሁም። ተቀመጥሁ። አይበላው ይሆናል አልሁ። ለጓደኞቹ ያካፍለዋል፣ ለእያንዳንዳቸው ትንሽ ትንሽ ይደርሳል አልሁ። ሌሎች ልጆች ይታመሙ ማለቴ እኮ ነው! ይህን በልቤ ያልሁት እኔ ነኝ። ደርሼበት ምን ልለው እንደምችል ሳስብ እግሬ አልነሣ አለኝ፤ የተቀመጥሁትም እኔ ነኝ።

በኋላ እንደተረዳሁት ያቺን አንዷን ጭብጦ መንገድ ላይ ራሱ በላት። ሐሺሽ ሲበላ ወዲያው አይታወቅም፤ ዘግይቶ ይመጣል፣ ሲመጣም ከጢሱ ይከፋል። ደብሩ ደርሶ፣ ጀምበር ስታዘቀዝቅ፣ ተማሪው ተሰብስቦ በየኔታ ፊት ቅኔውን በሚያቀርብበት ሰዓት ያዘው። ተራው ደርሶ ተነሣና ሳቀ። ሳቁ አልቆም አለው። ቀጥሎ ደረቱን ይዞ «ልቤ ልትወጣ ነው፣ ያዙልኝ!» እያለ ጮኸ። ያን ሁሉ ቅኔ በቃሉ የያዘው ወንድሜ አቡነ ዘበሰማያት ጠፋው።

በቅኔ ቤት እንዲህ የሆነ ተማሪ ሲታይ ሰው ሁሉ የሚለው አንድ ነገር ነው፦ አብሾ ጠጥቷል። አብሾ አእምሮ ይከፍታል፣ ትምህርት ያስይዛል እየተባለ በስውር የሚጠጣ የዕፅ መድኃኒት ነው፤ ያልሆነለትን ያሳብዳል ይባላል። የኔታ ደግሞ አብሾ የቀመሰ ከጉባኤዬ አይውልም ብለው ገዝተዋል።

ሲረጋጋ አስጠሩት።

«አለልኝ፣ ጠጥተሃል?»

«አልጠጣሁም፣ የኔታ።»

«እና ምን ቀመስህ?»

«ጭብጦ።»

ጉባኤው በሳቅ ፈረሰ። የኔታ ግን አልሳቁም። የሚወዱት ተማሪ ነበር፤ አጠገባቸው አስቀምጠው ሊያስተምሩበት ያሰቡት። «ብትጠጣ አዝን ነበር» አሉት፤ «ብትዋሸኝ ግን ምን ላድርግህ?» አሰናበቱት።

ወንድሜ እውነቱን ተናግሮ በውሸታምነት ተባረረ። ወሬው ከእሱ ቀድሞ ከተማ ገባ። «ጭብጦ ያሰከረው ዲያቆን!» ይሉት ጀመር። እናቴ እያለቀሰች ጠበል ወሰደችው። እሷም አላመነችውም፤ «ብቻ ይማርህ እንጂ ጠጥተህም ቢሆን ልጄ ነህ» ትለዋለች።

እኔ ምን አልሁ? አጠገቡ ተቀምጬ፣ እጁን ይዤ፣ ዓይኔን መሬት ላይ ተክዬ «እኔ አምንሃለሁ» አልሁት።

ይኸው ነው። ኑዛዜዬ ከሐሺሹ ይልቅ ይህ ነው። ያኔ ወንድሜ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰ። «አንች ካመንሽኝ ይበቃኛል» አለ። እኔም ዝም አልሁ። ሐሺሹን ከዚያ ቀን ወዲህ አልነካሁትም፤ ዝምታውን ግን አልተውሁትም። ብናገር ከዩኒቨርሲቲ እባረራለሁ፣ እታሰራለሁ ብዬ ፈራሁ። ተመረቅሁ፤ ሥራ ያዝሁ። ዝም አልሁ። አለልኝ ባጃጅ መንዳት ጀመረ። ተሳፋሪ እየሣቀ «ጭብጦ ቀምሰህ አትነዳም መቼም?» ሲለው አብሮ ይስቃል። እኔን ከሥራ ሲያደርሰኝ ለተሳፋሪው ሁሉ «ይችን እህቴን ታያላችሁ? አገር ሁሉ ሲክደኝ ያመነችኝ እሷ ብቻ ናት» ይላል። አንገቴን ስደፋ በዓይን አፋርነቴ ይመስላቸዋል።

በቅርቡ የኔታ መታመማቸው ተሰማ። አለልኝም አንድ ቀን ባጃጁን አቁሞ፦

«እታለም፣ ልታረቃቸው ነው» አለኝ። «ድንጋይ ተሸክሜ እገባና ‹አዎ፣ ጠጥቻለሁ፣ ይማሩኝ› እላለሁ።»

«አልጠጣህም እኮ!»

«እሱማ። ግን ውሸታም ነው እንዳሉኝ ከሚሞቱ፣ ዋሽቼ መርቀውኝ ይሙቱ። አንች አብረሽኝ ነይ። እውነቱን የሚያውቅ አንድ ሰው ከጎኔ ይቁምልኝ።»

አብሬው ወጣሁ። መንገዱን ሁሉ ሲያስቀኝ ሄደ። ደብሩ አፋፍ ሥር ስንደርስ ከወንዝ ዳር ድንጋይ ሲመርጥ፣ አንዱን አንሥቶ ጣለው፤ ሌላውን መዘነና «ይችኛዋ ላልጠጡት አብሾ ትበቃለች» ብሎ ወደ እኔ ዞሮ ሳቀ። ከአንገቱ ላይ ሲያደርጋት ማየት አልቻልሁም።

«አለልኝ፣ አስቀምጣት» አልሁት። ነገርሁት። ሐሺሹን፣ ኬላውን፣ ጭብጦውን፣ አለመሮጤን። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም፤ እኔኑ ገረመኝ። ድንጋዩን እንደያዘ ሰማኝ። አልጮኸም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ፦

«ያኔ ‹አምንሃለሁ› ስትይኝ አምነሽኝ ነው ወይስ አውቀሽ?»

«አውቄ።»

ድንጋዩን ቀስ ብሎ መሬት ላይ አስቀመጠው።

«እንግዲያማ» አለ፣ «ያመነኝ አንድ ሰው እንኳ አልነበረማ።»

ድንጋዩን እኔ አንሥቼ ገባሁ። የኔታ ተኝተው ሰሙኝ። ስጨርስ እኔን ትተው «አለልኝ ወዴት አለ?» አሉ፤ ሲቀርብም «ልጄ፣ ይቅር በለኝ፤ እውነት ነግረኸኝ ነበር» ብለው እጁን ሳሙት። አሁን ወደ ጉባኤው ተመልሶ ጠዋት ጠዋት ቅኔውን ይቀጽላል፣ ያጠናል፤ ከሰዓት ባጃጁን ይነዳል።

እኔንም ይቅር ብሎኛል። እዚያው፣ በየኔታ ፊት፣ «ይቅር ለእግዚአብሔር» ብሎ ጉንጬን ሳመኝ። ዛሬም ከሥራ ያደርሰኛል። ለተሳፋሪው ግን ስለ እኔ ምንም አይልም።

ልጅ ነበርሁ አልልም፤ ሕግ የማውቅ ሰው ነበርሁ። ፈርቼ ነው አልልም፤ እሱም ፈርቶ ነበር፣ እውነቱን ግን ተናግሯል። ስሙን መለስሁለት። መላው ሰው ሲክደው የሚደገፍባት አንዲት እህት ነበረችው፤ እሷን ግን መመለስ አልችልም፤ ቀድሞም አልነበረችም። የሰጠኝን ይቅርታ እቀበላለሁ። ይገባኛል ግን አልልም።